ባለ አንድ ዘፈን፦ የጠፋ ስምና የቀረ ትዝታ

በዘፈን ታሪካችን ውስጥ ስማቸው ከአንድ ዘፈን ጋር ብቻ ተያይዞ የቀረ ድምፃውያን አሉ። ዘፈኑ ሲነሣ ይነሣሉ፤ ዘፈኑ ሲያበቃ ያበቃሉ። አድማጭ «ሌላስ ምን ዘፍነዋል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ብዙውን ጊዜ ስማቸውንም አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው ዜማውን፣ ከግጥሙም አዝማቹን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘፈኑን የሰማበትን ቤትና አብሮት የነበረውን ሰው ነው። እነዚህን «ባለ አንድ ዘፈን» እላቸዋለሁ። ስያሜውን የመረጥሁት «ነጠላ ዜማ» ከሚለው ለመለየት ነው። ነጠላ ዜማ ብቻውን ታትሞ የወጣ ዘፈን ነው፤ ሃምሳ ነጠላ ዜማ ያወጣ ድምፃዊ ሊኖር ይችላል። ባለ አንድ ዘፈን መሆን ግን የኅትመት ሳይሆን የመታወስ ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ የሙዚቃ እንጂ የሥነ ጽሑፍ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የቃል ግጥም ሊሰበስቡ ወደ ገጠር የሚወጡ ተማሪዎች ይዘውት የሚመለሱትን ስመለከት ጥያቄው የእኛው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በልዩ ልዩ ጊዜ ከሰሜን ሸዋ የመጡ የሠርግና የጨዋታ ግጥሞችን ሳነብ፣ «ተናጋሪው፦ ሕዝብ» ተብሎ በተጻፈበት ገጽ ላይ በሸክላ ታትሞ የማውቀውን ዘፈን አዝማች ደጋግሜ አይቻለሁ። ተማሪዎቹ የሰሙትን በታማኝነት ጽፈዋል። የነገሯቸውም ሰዎች አልዋሹም። ደራሲና ድምፃዊ የነበረው ሥራ በ50 ዓመት ውስጥ እንዴት ባለቤት አልባ የሕዝብ ግጥም ሊሆን ቻለ? በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው የስሙ መጥፋትና የዘፈኑ በትዝታ ውስጥ መክበድ ከአንድ ሥር የሚበቅሉ መሆናቸውን ነው። ለዚህም አንድ የታወቀ ምሳሌና ያደግሁባትን ጫጫን እጠቀማለሁ።

ምሳሌው የተሾመ ምትኩ «ጋራ ሥር ነው ቤትሽ» ነው። ተሾመ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መባቻ በአዲስ አበባ ከታወቁት ባንዶች አንዱ የሆነው የሶል ኤኮስ ድምፃዊ ነበር። የሳክስፎን ተጫዋቹ ቴዎድሮስ ምትኩ ወንድሙ ነው። ዘመኑ የሸክላ ዘመን ነበር። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት የሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ ሆኖ በቆየበት ሁኔታ፣ አቶ አምኃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. በድፍረት የራሳቸውን አሳታሚ ድርጅት አቋቁመው ሸክላ በውጭ ሀገር እያሳተሙ ማስገባት ጀመሩ። ሌሎችም ተከተሉ። ትንሿ ሸክላ በአንድ ገጿ አንድ ዘፈን፣ በሌላው ገጿ ሌላ ዘፈን ትይዛለች፤ እያንዳንዱ ሦስት አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። በመሆኑም ሁለት ጥሩ ዘፈን ያለው ወጣት ሸክላ ለማሳተም ሦስተኛውን መጠበቅ አላስፈለገውም። ብዙ ባለ አንድ ዘፈን ድምፃውያን ከዚህ ዘመን መገኘታቸው አያስገርምም። ማተሚያው ራሱ ለእነሱ የተመጠነ ነበር።

ተሾመ ጥቂት ዘፈኖች ብቻ በሸክላ ካስቀረጸ በኋላ በ1970 እ.ኤ.አ. ከሀገር ወጥቶ በስካንዲኔቪያ ኖረ። «ሞት አደላደለኝ» የሚለውን ዘፈኑን የሚያስታውሱ አሉ፤ እኔ ባደግሁበት አካባቢ ግን የሚታወቀው አንዱ ብቻ ነበር። የሄደ ድምፃዊ መድረክ ላይ ወጥቶ ዘፈኑን አያድሰውም። በሬድዮ ቀርቦ «ይህን ያወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው» አይልም። አርጅቶ አይታይም። ዘፈኑ ብቻውን ቀረ።

ስለ ግጥሙ ርእሱን ብቻ ይዤ ጥቂት ልበል፤ ርእሱ በቂ ነውና። አራት ቃል ነው። «ጋራ» ይላል እንጂ የቱ ጋራ እንደሆነ አይናገርም። «ቤትሽ» ይላል እንጂ የማን ቤት እንደሆነ አይጠራም። ማሰሪያ አንቀጹ «ነው» ይላል፤ «ነበር» አይልም። በደጋው ሀገር ጋራ የሌለበት፣ በጋራውም ሥር ቤት የሌለበት መንደር የለም። ስለዚህ አንጎለላ ላይ የሚሰማው አድማጭ የአንጎለላን ጋራ፣ አንኮበር ላይ የሚሰማው የአንኮበርን ያቆምበታል። ጀርመናዊው የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ቮልፍጋንግ ኢዘር ድርሰት አንባቢው ከራሱ የሚሞላው ክፍተት እንዳለው፣ ንባብም ይህን ክፍተት የመሙላት ሥራ እንደሆነ ያስረዳል። የቦታ ስም የሚጠራ ዘፈን ክፍተቱ ጠባብ ነው። ይህ ርእስ ግን ክፍተቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይጠብቃል። ድምፃዊውም ቢሆን በቦታው የለም፤ ስለዚህ «እኔ» ባዩ ማንም ሊሆን ይችላል። አድማጩ በመጀመሪያው ጊዜ ይህን ክፍተት በሞላበት ነገር ዘፈኑ እንደተሞላ ይቀራል።

እንግዲህ ዘፈኖቹ ወደ ጫጫ እንዴት እንደደረሱ ማየት ያስፈልጋል፤ የስሙ መጥፋት ምክንያት የሚገኘው እዚያ ነውና። ጫጫ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከደብረ ብርሃን ቀደም ብላ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ ናት። ገብስ፣ በግ፣ የኩበት ጢስ፣ ብርድ ልብስ የደረበ ገበሬ፤ መንገደኛው በመስኮት የሚያየው ይህን ነው። እኛ ደግሞ ከውጭ ሆነን አውቶቡሱን እናይ ነበር፤ ይበልጡንም እንሰማው ነበር። እኔ ልጅ በነበርሁበት በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤት በጫጫ አላየሁም። በዚያ ጊዜ በከተማውም ቢሆን የሸክላ ዘመን አልፎ ነበር፤ የሌሊቱን ጭፈራ ሰዓት እላፊ ዘግቶታል፤ ሸክላውን ካሴት ተክቶታል። ወደ እኛ የመጣው የሸክላው ቅጂ ነው። ሾፌሩ አዲስ አበባ ያስቀዳው ካሴት አንድ ቀን ለሻይ ቤቱ ይሰጣል፤ ከሻይ ቤቱ ካሴት ሌላው ይቀዳል፤ ከዚያም ሌላው።

በዚህ ጉዞ የሚጠፋው ነገር ምንድን ነው? በሸክላው መካከል በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የዘፈኑ ርእስ፣ የድምፃዊው ስም፣ የባንዱ ስም ታትሞ ነበር። ካሴቱ ይህን ወረቀት አይቀዳም። በካሴቱ ልጥፍ ላይ በእስክሪብቶ «የድሮ ዘፈኖች» ወይም «ምርጥ» ተብሎ ይጻፋል፤ በሁለተኛው ቅጂ እሱም ይቀራል። ታዋቂዎቹን አድማጭ በድምፃቸው ይለያቸዋል፤ ጥላሁን ገሠሠን ወይም ማሕሙድ አሕመድን ለመለየት ልጥፍ አያስፈልግም። ባለ አንድ ዘፈኑን ግን ሌላ ቦታ ሰምቶት ስለማያውቅ የሚያመሳክርበት የለውም። ስለዚህ በየቅጂው ስሙን የሚያጣው እሱ ነው።

በሌላ በኩል ካሴቱ በሸክላው ላይ ያልነበረ ነገር ይጨምራል። ከሬድዮ የተቀዳ ከሆነ የአቅራቢው ድምፅ በመጨረሻው ስንኝ ላይ ይገባል። የሻይ ቤት ብርጭቆ ሲንቃጨል፣ በር ሲንኳኳ አብሮ ተቀድቷል። መብራት ባልነበረበት ቤት ቴፑ የሚሠራው በድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጣን ጥቂት ቀን እናስረዝመው ነበር። በደከመ ድንጋይ የሚዞር ቴፕ ይጎተታል፤ ድምፁም ይወፍራል። እኔ ይህን ዘፈን ለብዙ ዓመት የማውቀው በዚያ በተጎተተ ድምፁ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኢትዮፒክ» በሚል ርእስ ባሳተማቸው ተከታታይ ሲዲዎች የሸክላ ዘመን ሥራዎች ተጠርተው ሲወጡ፣ ዘፈኑን በትክክለኛው ፍጥነቱ ሰማሁት። ዘፋኙ የሚቸኩል መሰለኝ። ሲዲው ትክክል እንደሆነ አእምሮዬ ያውቃል፤ ጫጫን የሚያመጣልኝ ግን ያ በድካም የሚጎተተው ነው። ለትዝታ እውነተኛው ቅጂ የትኛው ነው የሚለውን የጽሑፍ ቅጂ የሚያመሳክሩ ባልደረቦቼ ቢያስቡበት እወዳለሁ።

የሥነ ልቡና ሰዎች ለዚህ የሚረዳ ነገር አላቸው። ዋትኪንስ የተባሉ ሁለት አጥኚዎች በ1975 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ፣ አንድ አስታዋሽ ምልክት የተያያዙበት ነገሮች በበዙ ቁጥር እያንዳንዳቸውን የመጥራት ኃይሉ ይቀንሳል የሚል ነው። ብዙ ዕቃ የተሰቀለበት ችንካር የሚፈልጉትን ቶሎ አያቀብልም። የጥላሁንን አንድ ዘፈን እንውሰድ። በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፤ በተማሪነቴም፤ በሠርግ፤ በታክሲ፤ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ ደግሞ ለሳምንታት በየሬድዮው። ዛሬ ሲዘፈን የሚመጣው ትዝታ የአንድ ቀን አይደለም፤ መጀመሪያ የሚመጣውም ራሱ ጥላሁን ነው። ባለ አንድ ዘፈን ግን አንድ ወቅት ተሰምቶ ይጠፋል። ካሴቱ ይበጠሳል፤ ድምፃዊው የለም፤ ሬድዮው ሌላ ያሰማል። ከ20 ዓመት በኋላ ድንገት ሲሰማ በላዩ የተደረበ ስለሌለ ያንኑ ወቅት ይዞ ይመጣል። በዚህ ላይ ሰው ከዕድሜው ይበልጥ የሚያስታውሰው በግምት ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ የሆነውን እንደሆነ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ዘፈን የሚወደድበትም ዕድሜ ያው ነው።

በአማርኛ ነገሩን ማስረዳት የቀለለ መሆን ነበረበት፤ ምክንያቱም ትዝታ የምንለው ቃል የማስታወስም፣ የዘፈንም፣ የቅኝትም ስም ነው። ሦስቱን በአንድ ስም የጠራ ሕዝብ ግንኙነታቸውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር ማለት ነው። በነገራችን ላይ ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው የወሎ ቦታዎች ስም ነው፤ በጫጫ የሚያልፈው መንገድም ወደዚያው ይሄዳል። ቅኝቱ ግን ከየትም ይምጣ፣ ትዝታ የሚዘፍን ሁሉ የራሱን ስንኝ ይጨምርበታል፤ የቀደመውን ስንኝ ማን እንዳለው አይጠይቅም።

«ባለ አንድ» መሆን የአድማጩ እንጂ የድምፃዊው ባሕርይ እንዳልሆነ ከዚሁ ቤተሰብ የተገኘ ሌላ ምሳሌ በግልጽ ያሳያል። የተሾመ ልጅ ኤሚሊያ ሪድበሪ በስቶክሆልም ተወልዳ በ1998 እ.ኤ.አ. «ቢግ ቢግ ዎርልድ» የተባለ ዘፈን አወጣች። ዘፈኑ በስዊድን፣ በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች የአንደኛነት ደረጃ ያዘ። ዛሬ ከስዊድን ውጭ ስሟ ከተነሣ የሚነሣው በዚህ ዘፈን ብቻ ነው፤ በስዊድን ግን ሌሎችም ዘፈኖቿ ይታወቃሉ። እንደዚሁም አባቷ በእኛ ዘንድ ከአንድ ሸክላ ጋር ቢቀርም በራሱ ሕይወት ዘፈን አላቆመም፤ ከ40 ዓመት በኋላ ኢዘር ኦርኬስትራ ከተባለ የቦስተን ባንድ ጋር በአሜሪካ መድረክ ተጫውቷል። አባትና ልጅ በሁለት ቋንቋ፣ በ30 ዓመት ልዩነት፣ እያንዳንዳቸው ለሩቅ አድማጭ አንድ ዘፈን ሆኑ።

ግርማ በየነም አለ። በድምፁ የቀረጻቸው ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ለሌሎች ያቀናበራቸው ግን ብዙ ናቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ለረጅም ዘመን ዝም ካለ በኋላ በ2017 እ.ኤ.አ. አካሌ ውቤ ከተባለ የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ ሥራ አወጣ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ «ሸማመተው» ብላ በሚሌኒየሙ ዋዜማ የመጣችው ሚካያ በኃይሉ በወጣትነቷ አረፈች። የእሷ ስም አልጠፋም፤ ዘፈኗ ግን ለብዙ የዚያ ዘመን ወጣቶች በዚያው ዓመት ላይ ቆሟል።

አሁን ወደ ሥነ ጽሑፋችን ልመለስ። ከአማርኛ ጽሑፎች ሁሉ ቀደምት የሆኑት ለነገሥታት የተዘፈኑ የውዳሴ ግጥሞች ናቸው፤ ለዓምደ ጽዮን፣ ለይስሐቅ፣ ለዘርዐ ያዕቆብና ለገላውዴዎስ። በእነዚህ ግጥሞች የንጉሡ ስም አለ፤ የዘማቾቹ፣ የተወጉት አገሮች ስም አለ፤ የአዝማሪው ስም የለም። ከጫጫ ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ዘርዐ ያዕቆብ ችሎቱን ዘርግቶ ሲቀመጥ ፊቱ ቆሞ የዘፈነ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ጸሐፊው ያኖረው የሚዘፈንለትን ስም እንጂ የሚዘፍነውን ስም አይደለም።

ይህን የማነሣው በጫጫ ካሴቶች ላይ ያንኑ ስላየሁ ነው። በዚያ ዘመን ወጣቶች ዘፈን መርጠው በካሴት ያስቀዱና ለወዳጃቸው ይሰጡ ነበር። በልጥፉ ላይ የሚጻፈው «ለማስታወሻ» የሚለው ቃል፣ የተቀባዩ ስም፣ ወሩና ዓመቱ ነው፤ አንዳንዴ የሰጪው ፊርማ። የድምፃዊው ስም የለም። ካሴቱ የድምፃዊው ሥራ መሆኑ ቀርቶ በሁለት ሰዎች መካከል የተላከ ደብዳቤ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ያ ዘፈን ለዚያች ልጅ የተሾመ ወይም የሌላ ሰው ዘፈን ነው ብሎ መከራከር ለእሷ ትርጉም የለውም። በሙሾም ያለው ይኸው ነው፤ የአልቃሿ ግጥም መንደር ለመንደር ሲዞር የሚጠራው የሟቹ ስም ነው።

ይህ ሁሉ ግን ድምፃዊውን ይጎዳል፤ የበለጠ የሚጎዳው ደግሞ የግጥሙ ደራሲ ነው። እንደ ዓለምፀሐይ ወዳጆና ይልማ ገብረአብ ለብዙ ድምፃውያን የጻፉ ደራስያን በብዛታቸው ይታወሳሉ። አንድ ግጥም ጽፎ ለአንድ ድምፃዊ የሰጠ ሰው ግን በሸክላው ልጥፍ ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ አልሰፈረም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው ኢኮኖሚያዊ መብቱን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል፤ ሥራ አመንጪነቱም እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሕጉ የሚሠራው ግን ስሙ የሚታወቅ ሰው ሲኖር ነው። እኛ ያንን ግጥም «ተናጋሪው፦ ሕዝብ» ብለን በዩኒቨርሲቲ ማኅተም ካወጣነው በኋላ፣ በሕይወት ያለ ደራሲ «የእኔ ነው» ብሎ ቢመጣ የሚቀርብበት ማስረጃ የእኛው ጽሑፍ ነው። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ የመመረቂያ ጽሑፍ ማንንም አይጎዳም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም።

ያም ሆኖ ተቃራኒው ስሕተትም እንዳለ ልብ ሊባል ይገባል። አንድ ግጥም በሸክላ ተገኘ ማለት በሸክላ ተወለደ ማለት አይደለም። የ1960ዎቹ ድምፃውያን ከሠርግ ቤትና ከአዝማሪ ብዙ ወስደዋል፤ ዘፈኑ ከመንደር ወደ ሸክላ፣ ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ መንደር ዞሮ ሊሆን ይችላል። በሠርግ ላይ ሲዘፈን ደግሞ ያው አይደለም። ባንዱ በክራርና በከበሮ ይተካል፤ አዝማቹ ይቀራል፤ ስንኞቹ ግን በሙሽሪት መንደርና በአማቾቹ ስም ተለውጠው አዲስ ይገጠማሉ። ይህ አዲስ ስንኝ በእውነት የሕዝብ ነው። ስለዚህ ሰብሳቢው አዝማቹንና ስንኙን ለያይቶ መመዝገብ አለበት ባይ ነኝ፤ አንዱ ደራሲ ኖሮት ሌላው ባይኖረው አያስቸግርም።

እኔ በጫጫና በአካባቢዋ ስሰበስብ «ይህን ማን ዘፈነው?» ብዬ እጀምር ነበር። አንድ ጠላ የሚሸጡ እናት፣ በሠርጋቸው የተዘፈነውን አዝማች ከነገሩኝ በኋላ ይህንኑ ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ የዘፋኙን ስም ያውቁታል?»

«ማን ይዘፍነዋል ልጄ፣ የኛው ነው እንጂ።»

በስልኬ ያለውን የሸክላ ቅጂ አሰማኋቸው። ጥቂት አዳምጠው «ይኼስ የከተማ ሰው ነው፤ የኛን ወስዶ ነው» አሉኝ። ጥያቄውን ለውጬ «መጀመሪያ የሰሙት የት ነው?» ስላቸው ግን አላመነቱም። ካሴቱን ያመጣው የባላቸው ወንድም እንደነበር፣ ሸዋ ሮቢት ሠርቶ ሲመለስ ይዞት እንደመጣ፣ ቴፑ የማን እንደነበረ፣ ወሩም ጥር እንደነበረ ነገሩኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ምን ዘፈን እንደነበር ጭምር ያስታውሳሉ። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ የት ሰሙት፣ ማን አመጣው፣ በምን ተጫወተ፤ የድምፃዊውን ስም በመጨረሻ። የእሳቸውን መልስ የያዘው ወረቀት ላይ የድምፃዊው መስመር ባዶ ነው፤ የቴፑ ባለቤት መስመር ግን ሞልቶ ወደ ኅዳጉ ተርፏል።